ከበር ጀምሮ እንግሊዝኛ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ መሸፈን ከተወ ወዲህ ነው። ክረምት እንደነበረም አውቃለሁ፤ ተማሪዎቹ ተበትነው ግቢው ጭር ብሎ ነበርና። ከዚህ ያለፈውን ባለቤቴን ብጠይቃት አንድ ዓመት ትጠራልኛለች፣ እኔ ሌላ እጠራላታለሁ፣ ስንከራከር ይመሻል። ዓመቱ ይቅር።

ሥራዬ ዘበኝነት ነው። አዳማ ውስጥ የአንድ የግል ትምህርት ቤት በር እጠብቃለሁ። ጉልበቴን የጨረስኩት ወንጂ፣ አገዳ ውስጥ ነው፤ ጡረታ ስወጣ ይህችን በር አገኘሁ። በሯ ብቻዋን አልመጣችም። ከግቢው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍልም ተከትላት መጣች፤ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ባለቤቴ እግሯ አይታዘዝላትም። የክፍላችን የጀርባ ግንብ ከጸሎት ቤቷ ጋር የምንጋራው ነው። በጓሮ በር ትወጣና ግንቡን በእጇ እየደገፈች ትደርሳለች። ከዚያ የራቀ ቦታ በእግሯ መሄድ ከቀረባት ቆየ። ሕመሙ የጠናባት ቀን እንኳ መዝሙሩ በግንቡ አልፎ ይሰማታል፤ እነሱ ከወዲያ ያወጣሉ፣ እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ትቀበላለች። ከዚያች ክፍል ብንወጣ መግቢያችን ቡልቡላ ልጃችን ዘንድ ነው፤ እሱም የአማቻችን ቤት ማለት ነው። አማቻችን ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን በአማች ቤት ማርጀት ምን እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ እጅ ወደ ወጡ ሲዘረጋ እንኳ ያጥራል።

ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምናገረው ነገር ቀልድ እንዳይመስል ነው። ለእነሱ ቀልድ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ቤታችን ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የተማረች፣ ከተማሩ ሰዎች የተወለደች፣ «አባባ» ብላ በእርስዎ የምታናግረኝ ሴት ናት። በክፋት አላማትም። ከእኛ ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ግን አዲስ ትምህርት ቤት ተከፈተና ወላጅ ሁሉ አንገቱን ወደዚያ አዞረ። እሷም አዲስ አበባ ሄደችና ሐሳብ ይዛ ተመለሰች። ሐሳቡ በትልቅ ሸራ ላይ ታትሞ መንገዱን አቋርጦ ተሰቀለ። «ከበር ጀምሮ እንግሊዝኛ!» ይላል። በሩ እንግዲህ እኔ ነኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። በዚያ በር የሚገባው ማን ነው? የሽንኩርት ነጋዴ ነው፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ከደራና ከሁሩታ እህል አምጥቶ በዚያው የልጁን ጉዳይ የሚጨርስ ገበሬ ነው። አንዱም ከበሩ ጀምሮ እንግሊዝኛ ናፈቀኝ ብሎ አያውቅም።

ዳይሬክተሯ ወጥ ቤቷንም፣ ሾፌሩንም፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም፣ እኔንም ሰብስባ ሥልጠና እንዳለን ነገረችን። የምዝገባው የመጀመሪያ ቀን አሠልጣኙ አጠገቧ ቆሞ እንደሚፈትነንም ነገረችን። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ጠራችኝና መሬት መሬቱን እያየች፣ ያልሆነልኝ እንደሆነ በሩን ለጥበቃ ድርጅት ለመስጠት እንደምትገደድ አስረዳችኝ። ድርጅቱ የሚልከው ወጣት ነው፣ የደንብ ልብስ ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚሞክር። ክፍሏስ አልኳት። ክፍሏ የዘበኛው ናት አለችኝ።

ለባለቤቴ ስነግራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ አገዳ ጥለህ አሁን አንዲት ቃል ትጥልሃለች?» አለችኝ። አፏ ሳቀ፤ እጇ ግን ግንቡን ሲዳብስ አየሁት።

ቃሏ «ሄልፕ» ትባላለች። መርዳት ማለት ነው። ሰው በሩ ላይ ሲደርስ «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?» ማለት አለብኝ፤ ልርዳዎት ወይ እንደ ማለት።

አሠልጣኙ በአዳማ ሙቀት ኮት የሚለብስ ሰው ነው። ጫማው ሹል ነው። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል፣ ከእሱ ዘግይቶ ይወጣል። የአንዳችንንም ስም አልጠየቀም። እኔን «ፋዘር» አለኝ፣ ወጥ ቤቷን «ማዘር»፣ ሾፌሩን «ብሮ»፤ በቃ ተዋወቅን። ንግግሩን ሁሉ «ኦኬ?» ብሎ ይቋጫል። «ኦኬ» ብለን እስክንመልስለት ድረስም ዶሮ ጥሬ እንደሚጠብቅ አንገቱን አዘንብሎ ይጠብቃል።

ያችን አንዲት ቃል ይዞን ሰነበተ። አንድ ቃል ይህን ያህል ሆድ እንዳለው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ፣ ሰው ውሃ ሲወስደው «ሄልፕ!» ብሎ ይጮኻል አለን። አዋሽ ሰው ሲወስድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኛ «የሰው ያለህ» ነው የምንለው፣ የሰማ ሁሉ ያለውን ጥሎ ይሮጣል። እንግዲህ ፈረንጁ እየሰመጠ የሚጮኸውን ቃል ነው እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ለሽንኩርት ነጋዴ የምለው።

ቀጥሎ «ሄልፕ ዩርሰልፍ» መጣ። ራስህን እርዳ ማለት ነው፤ እንግዳ ማዕድ ላይ ሲቀርብ የሚባል። አሠልጣኙ ይህን ሲነግረን ፊቱ በራ፤ ሥልጣኔውን ሁሉ በአንድ ትሪ ያቀረበልን መሰለው። ወጥ ቤቷና እኔ ተያየን። እኛ ጋ ጨዋታው የሚጀመረው እንግዳው በቃኝ ሲል ነው። «በሞቴ» ሳይባል፣ «አፈር ስሆን» ሳይባል ማን ይጎርሳል? ባለቤቱ ሳያጎርሰው ራሱን እየረዳ የሚበላውንማ እኛ ሌባ ነው የምንለው።

ከዚያ ደግሞ ሰው ሳቁን መግታት ሲያቅተው በዚችው በ«ሄልፕ» ይናገራል አለን። ሳቄን መርዳት አልቻልኩም እንደ ማለት ነው። ሳቅ ምን ቸግሮት ነው የሚረዳው ብላ ወጥ ቤቷ ጠየቀችው። ኤክስፕሬሽን ነው አላት፤ እሱ ያልገባው ነገር ሁሉ ኤክስፕሬሽን ነው። ይህችኛዋን ግን አልጠላኋትም። የሹል ጫማውን አረማመድ ባየሁ ቁጥር ትሠራልኝ ነበር።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህር ሥልጠናውን ሊያይ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። አሠልጣኙ «እንድሸከም እርዳኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፈ። መምህሩ እጁን አወጣና በመካከሉ «ቱ» ጎደለ አለ። አሠልጣኙ «ቱ» አያስፈልግም አለ። መምህሩ ያስፈልጋል አለ። አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላውም አወጣ። ሁለት ኮት የለበሱ ሰዎች ስልካቸውን እንደ ጋሻ ፊት ለፊት ይዘው ስለ አንዲት «ቱ» ላባቸው መጣ። ወንድ ልጅ በርስት ይጣላል፣ በድንበር ይጣላል፤ እነዚህ በ«ቱ» ተጣሉ።

ያን ሰሞን ውሃ ጠፍቶ ነበር። ክርክሩ ሳያልቅ የአህያ ጋሪው በርሜሎቹን ጭኖ ደረሰ። የጽዳት ሠራተኛዋ ውሃውን ለመቀበል ከክፍል ወጣች። ባለጋሪው ወገቡን የሚያመው ሰው ነው፤ እሷ ብቻዋን በርሜሉን ስታዘነብል በመስኮቱ አየኋት። ሰሌዳው ላይ እንድሸከም እርዳኝ የሚል ጽሑፍ አለ። ተነሣሁ።

«ፋዘር፣ ቁጭ በል» አለኝ አሠልጣኙ። «ትምህርት ላይ ነን።»

በአንተ ማለቱ አይደለም የገረመኝ፤ የሱ ዘመን ልጅ አፉ እንደፈታው ነው። የገረመኝ ፊቱ ነው። በመስኮቱ ያየሁትን እሱም አይቶታል። አይቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ወጣሁና በርሜሉን ያዝኩ። ልርዳሽ ወይ አላልኳትም። አገዳ ስንቆርጥ አንዱ ከመስመሩ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ጎረቤቱ የራሱን ሲጨርስ ገጀራውን ይዞ ከወዲያ ጫፍ ይገባለታል፤ መሐል ላይ ሲገናኙ ቀና ብለው ይተያያሉ፣ ያ ነው ንግግሩ። ልርዳህ ወይ ብሎ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው አይ የሚል መልስ የሚለምን ሰው ነው። ይህን ቋንቋ ያመጡት ሰዎች ጥያቄውን ከሥራው በፊት ለምን እንዳስቀደሙት አሠልጣኛችንን ሳይ ገባኝ። ጠይቆ ለመቅረት ያመቻል።

ተመልሼ ስገባ ሁለቱም ልክ ሆነው ጠበቁኝ። «ቱ» ቢገባም ባይገባም ያው ነው ተባብለው ተስማምተዋል። ወጥ ቤቷ፣ ያው ከሆነማ እኛን ለምን አቆያችሁን ብላ አጉረመረመች። አሠልጣኙ ግን በዚያው ቀን ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብቶ፣ ዘበኛው ፍላጎት የለውም፣ ከክፍል ይወጣል ብሎ ነገራት። ማታ ስታልፍ መኪናዋን አቆመችና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ እባክዎ ይሞክሩልኝ» አለችኝ። እውነተኛ ልመና ነበር። የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው፤ የምታስወጣህ ሴት ከልቧ ስታዝንልህ ልትቀየማት እንኳ አትችልም።

ቃሉን ማለት አልከበደኝም። ብቻዬን ስሆን ለበሩ ብረት እንደ ውሃ እለዋለሁ። ሰው ከፊቴ ሲቆም ነው የምጠፋው። አፌ ሰላምታ ሳያስቀድም ሌላ ነገር አልከፍትም ይለኛል። «እንዴት አደሩ» ይላል፤ ኦሮሞ የሆነውን «አካም ቡልታን» ይላል፤ ከዚያ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ይጠይቃል። ያኔ ነው ሰውየው ራሱ የመጣበትን የሚናገረው። ደጅህ የቆመን ሰው ደኅና ማደሩን ሳትጠይቅ ምን ልርዳህ ካልከው ለማኝ አደረግኸው፤ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ አዋረድከው።

ይህን ለአሠልጣኙ በትሕትና ብነግረው ሳቀ። በሩ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም እንዳይሰማ አለኝ። ከፈለግህ «ጉድ ሞርኒንግ» በል አለኝ። እሱማ ስለ ጠዋቱ ነው የሚናገረው፤ ስለ ሰውየው ምንም አይልም፣ መልስም አይጠብቅም። ሰላምታው አጭር መሆኑ ለምን ይጠቅማል ብዬ ጠየቅሁት። ጊዜ ይቆጥባል አለኝ። ያን የተቆጠበ ጊዜ ምን እንደሚያደርገው አይቻለሁ። ጥላ ሥር ወንበር ስቦ ስልኩን እየነካካ ብቻውን ይስቅበታል።

ምዝገባው እየቀረበ ሲመጣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ያቺ ከበርሜሉ ጋር የነበረችው፣ በማለዳ መጥረጊያዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከፊቴ ቆመች። ከሁሩታ የመጣች ናት፤ ቀልደኛ ናት፣ ምላሷም ስል ነው። እሷ እንደ ወላጅ እየወጣች እንደምትገባ፣ እኔ እንድቀበላት ነገረችኝ። ወጣችና ገባች። አንዴ ነጠላዋን አጣፍታ የነጋዴ ሚስት ሆነች፣ አንዴ መጥረጊያውን ከዘራ አድርጋ አጎንብሳ አዝግማ መጣች። እኔ ሁሌም «እንዴት አደርሽ» አልኳት።

«ደኅና አደርኩ» ትላለች። «እርስዎ ደግሞ ቡልቡላ ደኅና ይግቡ።»

ይህን ስትል ባለቤቴ ከደጃፋችን ሰማቻትና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በኋላ መጥረጊያዋን አስደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቷ መስማት የማይችሉ ሴት እንደነበሩ አጫወተችኝ። ሁሩታ ገበያ ላይ ድንች ይሸጡ ነበር። ድምፅ ከአፋቸው አይወጣም፤ ግን በገበያው እንደ እሳቸው ሰላም የሚል አልነበረም አለች። ይነሣሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ግራ እጃቸውን ቀኝ ክንዳቸው ላይ አድርገው ይጨብጣሉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ሰላም ሳይሉት ያለፈ ሰው አልነበረም፤ ቅር ያለውም ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ሰላምታ በአፍ ብቻ ነው ያለው ማነው?» አለችኝ። «በእጅዎ ይበሉት፣ በወገብዎ ይበሉት። አፍዎን ለእነሱ ይተዉላቸው።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ሰላምታ ያለ አፍ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ተለማመድን። ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ እጇን ስይዝ ውስጤ ደኅና አደርሽ ብሎ ጨርሷል፤ አፌ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ሥራ በፈታው አፍ ያችን ነገር ማለት ይቻላል። እሷ መጥረጊያዋን ይዛ ስትወጣ ስትገባ ግቢው ሳይጠረግ ስላረፈደ ከቢሮ ተቆጧት፤ እሷ ግን አልተወችም።

የምዝገባው ቀን አሠልጣኙ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ዳይሬክተሯ አጠገቡ፣ ከበሩ ወዲያ ዛፉ ሥር ቆሙ። ባለቤቴ በጓሮ በር ወደ ጸሎት ቤቷ መሄድ ሲገባት አልሄደችም። በርጩማ አስወጥታ ክፍላችን ደጃፍ ተቀመጠች፤ ከዚያ በሩ ይታያል። የጽዳት ሠራተኛዋ የተጠረገውን ቦታ እንደገና ትጠርጋለች።

መጀመሪያ የመጣው ሰው ከእኔ የሚበልጥ ሽማግሌ ነበር። የደራ ሰው ነው፤ ከዘራ ይዟል፣ ጭቃው ገና ጫማው ላይ ነው። ስንት ወጣት ባለበት ቀን እግዜር ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ላከብኝ። አፌ «አካም ቡልታን» ሊል ተንደረደረ። ጥርሴን ገጠምኩ። ተነሣሁ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ከዚያ መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?» አልኩት።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ተመስገን» አለኝ ሽማግሌው፤ «ነጋ» በኦሮምኛ ደኅና ማለት ነው። «ቤቱም ደኅና፣ ከብቱም ደኅና። ዝናቡ ብቻ ትንሽ ቆየብን። እናንተስ? ቤተሰብ እንዴት ነው?»

ምን ልመልስለት? የተፈቀደልኝ ያችው አንዲት ነገር ናት። አንገቴን ደፋ አድርጌ ደገምኩለት።

«ተመስገን ነው» አለኝ እሱም ደግሞ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ የልጅ ልጁን ሊያስመዘግብ እንደመጣ፣ ቢሮው የት እንደሆነ በአማርኛ ጠየቀኝ። በእጄ አሳየሁት። መርቆኝ ገባ።

አሠልጣኙ ዛፉ ሥር አጨበጨበ። «ፐርፌክት! ቦዲ ላንጉዌጅ ያልኳችሁ ይሄ ነው!» አለ። ብሎን አያውቅም። ዳይሬክተሯ ግን በአድናቆት አየችው፣ እሱም አንገቱን አዘንብሎ አድናቆቷን ለቀመው። አልተቃወምኩም። ሰው የማያፍርበትን ነገር ከእጁ ነጥቀህ ምን ታደርገዋለህ? ክፍላችን ደጃፍ ባለቤቴ በርጩማዋን ትታ ተነሣችና ግንቧን ይዛ ወደ ጸሎቷ ሄደች። ዘግይታ ነበር፤ ግን ደረሰች።

አሠልጣኙ ዛሬ የለም። ያ ከእኛ ከፍ ብሎ የተከፈተው ትምህርት ቤት ወስዶታል አሉ። የዚያ በር ዘበኛ አሁን ፋዘር እየተባለ ይሆናል፤ እግዜር ይርዳው፣ ሳይጠየቅ። ሸራውን ፀሐይ በላው፣ ከፊሉን ነፋስ ወሰደው፤ የቀረው «ከበር» የሚለው ብቻ ነው። ቃሏ ግን ሰፈሩ ውስጥ ቀረች። የሽንኩርት ነጋዴዎቹ እንደ ሽማግሌው ሰላምታ መስላቸው ያዟት። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሩቁ «ሜይ አይ ሄልፕ ዩ፣ ጋሼ!» ይሉኛል፤ «ተመስገን፣ እናንተስ?» እላቸዋለሁ። አሠልጣኙ ቢሰማ የአጠቃቀም ስሕተት ነው ይል ነበር። ይበል። በዚያ ሁሉ ሥልጠና ቃሏ ለሰው የጠቀመችው እንዲህ ስትባል ብቻ ነው።

በሩም ክፍሏም ቀሩልን፤ ባለቤቴ ዛሬም ከግንቡ ወዲህ ሆና መዝሙሩን ትቀበላለች። አንዳንድ ሰው ያን ክረምት እንዴት እንዳለፍኩት ሲጠይቀኝ፣ ሥልጠናው ጠቅሞኝ ነው የሚል መልስ የሚጠብቅ አለ። ያሳለፈችኝ የእናቷን ሰላምታ ያስተማረችኝ፣ ከሁሩታ የመጣችው የግቢያችን ጽዳት ሠራተኛ ናት።